ከዮርዳኖስ ዳር የተነሣው ጥያቄ



ጥር 10 ቀን ከቀትር በኋላ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ተነሥተው፣ በካህናቱ ያሬዳዊ ዜማና በሕዝቡ እልልታ ታጅበው ወደየጥምቀተ ባሕሩ ይወርዳሉ። ዕለቱ ከተራ የተባለው የሚፈሰው ውሃ ለበዓሉ ስለሚከተር፣ ማለትም ስለሚገደብ መሆኑን አበው ያስረዳሉ። ታቦታቱ በድንኳን ያድራሉ፤ ሌሊቱ በማኅሌትና በቅዳሴ ይነጋል፤ ጥር 11 ቀን ጠዋት ውሃው ተባርኮ ለምእመናን ይረጫል። በጎንደር በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር፣ በአዲስ አበባ በጃን ሜዳ፣ በገጠሩም በየወንዙ ዳር የሚፈጸመው ሥርዓት አንድ ነው።

ይህን የማያውቅ ክርስቲያን ቤተሰብ የለም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የወደድነው የበዓሉን ውጫዊ ሥርዓት ሳይሆን፣ በዮርዳኖስ ዳር ሰማይ ከመከፈቱ አስቀድሞ ሕዝቡ ያነሣውን አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው በየዓመቱ ወደ ውሃው በምንወርደው በእኛ ዘንድ እየተዘነጋ መሄዱን ስለምናይ፣ በዓሉ ከማለፉ በፊት አብረን ልናስታውሰው ይገባናል።

የተገለጠው ምንድን ነው?

ይህ ወቅት በቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ አስተርእዮ ይባላል። አስተርእዮ መታየት፣ መገለጥ ማለት ነው፤ ግሪኮቹ ኤጲፋንያ የሚሉትም ይህንኑ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈው፣ ወልድ በውሃው ውስጥ ቆሞ፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ወርዶ፣ አብም ከሰማይ ስለ ልጁ መስክሮ፣ የሥላሴ አንድነትና ሦስትነት በግልጥ ታወቀ።

ከዚህ ታላቅ ምሥጢር ጋር አብሮ የተገለጠ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ትሕትና ነው። በዚያን ቀን ወደ ዮርዳኖስ የወረዱት ኃጢአታቸውን የሚናዘዙ ሰዎች ነበሩ። ኃጢአት የሌለበት ጌታ ከእነርሱ ጋር ቆመ። ዮሐንስ ደንግጦ ሊከለክለው ቢሞክርም አልተመለሰም። ሊቃውንቱ ይህን ሲያመሠጥሩ፣ ጌታ ባሪያውን ወደ እርሱ መጥራት ሲችል ራሱ ወደ ባሪያው መሄዱ፣ ነገሥታትና መኳንንት ካህናቱን ወደ ቤታችን መጥታችሁ አጥምቁን እንዳይሉ አብነት ሊሆን ነው ይላሉ። ከማርና ከወተት ይልቅ ውሃ ለጥምቀት መመረጡንም ሲያስረዱ፣ ማርና ወተት በባለጠጋ ቤት እንጂ በድሃ ቤት አይገኙም፤ ውሃ ግን ለሁሉ ይገኛል ይላሉ። እንግዲህ የጥምቀት በዓል ከመሠረቱ ትልቁ ዝቅ ያለበት፣ ድሃውና ባለጠጋው የተስተካከሉበት በዓል ነው።

በአገልግሎት ቆመን የምናየው ግን አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተለየ ነው። ውሃው በሚረጭበት ሰዓት ጉልበት ያለው ይጋፋል፤ አረጋውያን፣ ሕመምተኞችና ሕፃናት የታቀፉ እናቶች ወደ ኋላ ይቀራሉ። ለበረከት የመጣ ሰው ወንድሙን ገፍቶ በረከት ሲፈልግ፣ የበዓሉ ባለቤት ከሰው ጋር ቆሞ መጠመቁን ዘንግቷል ማለት ነው። ደግሞም ይህ መረጨት ዳግመኛ ጥምቀት እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። ወንዶች በተወለዱ በ40፣ ሴቶች በ80 ቀን የሚጠመቁባት ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም። በየዓመቱ የሚረጨው ውሃ የጌታን ጥምቀት የምናስብበትና የምንባረክበት ነው። ስለዚህ ውሃው ሲነካን ራሳችንን ልንጠይቅ የሚገባን በሕፃንነታችን የተቀበልነውን ልጅነት በምን አኳኋን እንደ ያዝነው ነው።

ጥያቄውና ሦስቱ መልሶች

የሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 3 እንደሚነግረን፣ ሕዝቡ ወደ ዮሐንስ በመጣ ጊዜ ዮሐንስ በመምጣታቸው ብቻ አላመሰገናቸውም። የአብርሃም ልጆች በመሆናቸው እንዳይመኩ፣ ይልቁንም ለንስሐ የሚገባ ፍሬ እንዲያፈሩ አስጠነቀቃቸው። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ ማድረግ የሚገባቸው ምን እንደ ሆነ ጠየቁት። ቀጥሎ ቀራጮች፣ ከዚያም ጭፍሮች ይህንኑ ጥያቄ ደገሙ። ሦስት ወገኖች ጠየቁ፤ ሦስት መልሶችም ተሰጡ።

ለሕዝቡ የተሰጠው መልስ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል፣ ምግብ ያለውም እንዲሁ እንዲያደርግ ነው። በሀገራችን ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። አባባሉ ሕዝባችን ለበዓሉ ያለውን ክብር ያሳያል፤ ለእግዚአብሔር ቀን ያማረ ልብስ መልበስም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ዮሐንስ በውሃው ዳር በመጀመሪያ የተናገረው ስለ ልብስ መሆኑን ልብ እንበል። ስለ ልብሱ ማማር አልተናገረም፤ በሳጥን ስለ ተቀመጠው ስለ ሁለተኛው ልብስ ተናገረ። ኑሮ በከበደበት በአሁኑ ዘመን ለአንድ በዓል አዲስ የጥበብ ቀሚስ ለመላው ቤተሰብ የሚያሠራ ቤት አለ፤ አጠገቡ ደግሞ ልጆቹ የሚለብሱት አጥተው ከበዓሉ የሚቀሩበት ቤት አለ። ቀሚሱን የሠራው ሸማኔ ዋጋው በወቅቱ ተከፍሎት እንደ ሆነም መጠየቅ ነው። ቤት ጠብቃ ምግብ ስታዘጋጅ የምትውለው የቤት ሠራተኛስ ታቦት የምትሸኝበት ሰዓት ተሰጥቷታልን? ሦስቱም ጥያቄዎች ከደጃፋችን ርቀው አይሄዱም።

ሁለተኛው መልስ ለቀራጮች የተሰጠው ነው፤ ከታዘዘላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ ተነገራቸው። ዮሐንስ ሥራችሁን ተዉ፣ ወደ በረሃ ግቡ አላላቸውም፤ እዚያው በሥራቸው ላይ ሳሉ እጃቸውን እንዲሰበስቡ ነገራቸው። ዛሬ ይህ ቃል የሚመለከተው ግብር ሰብሳቢውን ብቻ አይደለም። ሕጋዊ ጉዳይ ይዞ የቀረበውን ባለጉዳይ እጅ መንሻ እስኪያመጣ ድረስ የሚያመላልሰው ሠራተኛ፣ በበዓል ዋዜማ የሕዝቡን ችግር አይቶ ዋጋ የሚቆልለው ነጋዴ፣ ሚዛን የሚያጎድለው ቸርቻሪ ሁሉ በዚህ መልስ ውስጥ ይገኛሉ። እኛ በቤተ ክርስቲያን የምናገለግለውም የምእመናንን ስእለትና አሥራት በእጃችን የምንይዝ ነንና፣ ራሳችንን ከተጠያቂነት ልናወጣ አንችልም።

ሦስተኛው መልስ የጦር መሣሪያ ለያዙት ነው። ማንንም እንዳይቀሙ፣ ሰውን በሐሰት እንዳይወነጅሉ፣ በደመወዛቸውም እንዲረኩ ተመከሩ። መሣሪያ የያዘ ሰው በሌላው ሕይወትና ንብረት ላይ ኃይል አለውና፣ ንስሐውም የሚለካው በዚያ ኃይል በሚያደርገው ነው። የሐሰት ውንጀላ ግን ዛሬ መሣሪያ በያዘ ሰው ብቻ አይፈጸምም። በእጁ ስልክ የያዘ ማንኛውም ሰው፣ አይቶት የማያውቀውን ሰው ስም በአንድ ሌሊት ሊያጠፋ፣ አንዱን ሕዝብ በሌላው ላይ ሊያነሣሣ ይችላል።

ሦስቱን መልሶች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁሉም ሰው ከባልንጀራው ጋር ስላለው ግንኙነት የተነገሩ ናቸው። ይህ ማለት ጾምና ጸሎት አያስፈልጉም ማለት አይደለም፤ ዮሐንስ ራሱ ጿሚና ተሐራሚ ነበር። ጾሙም ጸሎቱም ፍሬ ማፍራታቸው የሚታወቀው ግን በልብሱ ሣጥን፣ በሥራው ጠረጴዛና በኃይሉ አጠቃቀም መሆኑን ያስተምረናል።

የበዓሉ ክብርና የዘመኑ ፈተና

ኢትዮጵያ የምታከብረው በዓለ ጥምቀት በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. ቦጎታ ላይ በተካሄደው የዩኔስኮ ጉባኤ በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተመዘገበ። የመስቀል በዓል ቀደም ሲል በ2006 ዓ.ም. የተመዘገበ ነው። ይህ የአባቶቻችንን ድካም የሚያስመሰግን፣ ለሀገርም ክብር የሆነ ነው። በዚያው ዓመት፣ በጥር ወር፣ ጎንደር ላይ ለተመልካች ከእንጨት የተሠራው መቀመጫ የሕዝቡን ብዛት መሸከም አቅቶት ሲደረመስ የሰው ሕይወት አለፈ፤ ብዙዎችም ተጎዱ። ያን ጠዋት ያዘኑትን ቤተሰቦች ዛሬም በጸሎት ልናስባቸው ይገባል። ከዚያ ኀዘን የምንወስደው ትምህርትም አለ። የተመልካች ብዛት በጨመረ ቁጥር የአዘጋጁ ኃላፊነት ይጨምራል፤ በዓሉ በዓለም ፊት በታየ መጠንም ለትንሹ ሰው ደኅንነት የሚደረገው ጥንቃቄ ሊልቅ እንጂ ሊያንስ አይገባም።

በዚያው ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ በመግባቱ የአዲስ አበባው አትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ ነበር። የ2013 ዓ.ም. በዓል ሲቃረብ ገበያው ተነሣ፤ ሜዳውም ጸድቶ ታቦታቱን ተቀበለ። ለታቦት ማደሪያ መሬቱን ማጽዳት እንደሚገባ ማንም አልተጠራጠረም። በየዓመቱ ታቦታቱ በሚያልፉበት መንገድ ምንጣፍ እያነጠፉና እየጠቀለሉ የሚሮጡትን ወጣቶች ስናይም ልባችን ይነካል። ከመንገዱና ከሜዳው ይልቅ ለማጽዳት የሚያስቸግረው ልብ መሆኑን ግን ሁላችንም በየቤታችን እናውቀዋለን።

የተከፈለው ወንዝ

ሊቃውንቱ ስለ ዮርዳኖስ የሚያስተምሩት ሌላም ምሥጢር አለ። ወንዙ ከላይ ምንጩ አንድ ነው፤ ዝቅ ብሎ በደሴት ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ታች ሲወርድ ተመልሶ ይገናኛል፤ ጌታም የተጠመቀው በመገናኛው ላይ ነው ይላሉ። ትርጓሜውም፣ የሰው ዘር ሁሉ ከአንድ አዳም የተገኘ ሆኖ ሳለ ሕዝብና አሕዛብ ተብሎ ተለያይቶ ነበር፤ በክርስቶስ ግን አንድ ሆነ የሚል ነው።

ይህን ትርጓሜ በዘመናችን ሁለት ጊዜ በሕይወታችን አይተነዋል፤ አንዱን በደስታ፣ ሌላውን በእንባ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ሲኖዶስ ተለያይተው የነበሩት አባቶቻችን በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ታርቀው አንድ ሲሆኑ፣ በየሀገሩ በተሰደደው ምእመን ዘንድ የነበረው መለያየት የሚሽርበት በር ተከፈተ። ወንዙ ተገናኘ። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የሀገራችን ክፍል ጦርነት ተነሣ፤ በአንድ ውሃ የተጠመቁ፣ በአንድ ማዕድ የቆረቡ ወንድማማቾች ተገዳደሉ። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት ያንን ጦርነት ቢያቆምም፣ በየቤቱ የገባው ኀዘን በፊርማ የሚወጣ አልሆነም፤ በሌላም አካባቢ ደም መፍሰሱ ተከተለ። በዚያው ዓመት የጥምቀት በዓል በተከበረ በሦስተኛው ቀን፣ ጥር 14፣ ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ የተፈጸመው ሢመት ቤተ ክርስቲያንን ለከባድ ፈተና ዳረገ፤ የካቲት 8 ቀን በተደረሰው ስምምነት ፈተናው እስኪረግብ ድረስም ብዙ እንባ ፈሰሰ።

እነዚህን የምናነሣው የማንንም ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። ዮሐንስ በአብርሃም ልጅነት እንዳይመኩ ሕዝቡን ያስጠነቀቀበት ምክንያት በዘመናችን ግልጥ ስለ ሆነ ነው። የትውልድ ሐረግ የሰው ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ከውሃና ከመንፈስ ከተገኘው ልጅነት በላይ ሲቀመጥ ግን የተገናኘውን ወንዝ መልሶ ይከፍለዋል። ለአንድ ክርስቲያን ሌላው የተጠመቀ ሰው ሁሉ፣ ቋንቋው የትኛውም ይሁን፣ ከአንድ ማኅፀን የተወለደ ወንድሙ ነው። ያልተጠመቀውም ቢሆን ከአንድ አዳም የተገኘ ነውና፣ ከሁለቱ ልብሶች አንዱን ሊያገኝ ይገባዋል።

ከበዓሉ በኋላ

ጥር 11 ቀን አብዛኞቹ ታቦታት ወደ መንበራቸው ይመለሳሉ፤ በማግሥቱ በቃና ዘገሊላ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ይገባል፤ ድንኳኑ ይነሣል፤ ምንጣፉ ይጠቀለላል፤ የበዓሉ ልብስም ታጥቦ ወደ ሣጥን ይመለሳል። ሣጥኑ ሲከፈት እናት ከልጆቿ ጋር ሁለተኛውን ልብስ ታንሣ፤ ለማን እንደሚሰጥም ከልጆቿ ጋር ትምከር። አባት በማግሥቱ ወደ ሥራው ሲሄድ የሚጠብቀውን ባለጉዳይ ያስብ። የተቀያየሙ ወንድማማቾች የሚቀጥለውን ከተራ ሳይጠብቁ ሽማግሌ ይላኩ፤ ጌታ ወደ ባሪያው እንደ ሄደ፣ ተበደልሁ ባዩም ቢሆን ቀድሞ ቢሄድ ክብሩ አይቀንስም። ወጣቶቻችንም ለታቦቱ መንገድ ያነጠፉትን ምንጣፍ ያህል፣ ለአረጋዊውና ለሕመምተኛው መንገድ ይልቀቁ።

በዮርዳኖስ ዳር ሕዝቡ የጠየቀው ጥያቄ መልስ ካገኘ ዘመናት አልፈዋል። የቀረው መልሱን ወደየቤታችን ይዘነው መግባት ነው።

በዓሉ የሰላም፣ የፍቅርና የንስሐ በዓል ይሁንልን፤ ለከርሞው በሰላም ያድርሰን። አሜን።