ኮሌራን «አተት» ማለት ማንን አዳነ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገሬ ሰው። የኢሕአዴግ ባለሥልጣናት ግን ይህን ተረት የሰሙት አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2006 ወረርሽኙ በብዙ ክልሎች ሲዛመት የረድኤት ሠራተኞች ኮሌራ ነው ቢሉም እነሱ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» አሉት። በ2016 አዲስ አበባ ሲገባም ያው «አተት» ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ አተት የምልክት ስም እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ኮሌራ መሆን አለመሆኑን የሚለየው የሰገራ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ይህም አዲስ ጥበብ አይደለም፤ ሮበርት ኮክ ተህዋሲውን ለይቶ ያሳወቀው በ1884 ነው። ከዚያም በፊት፣ በ1854፣ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ለንደን ውስጥ የሟቾችን ቤት በመዝገብ ተከታትሎ ምንጩ አንድ የውኃ ፓምፕ መሆኑን አሳየ። ሞት ከተደበቀ ሐኪም ምን ይከታተላል?

ኮሌራ ያልታከመን ሰው በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ ፈሳሽ በጊዜ ከተሰጠ ግን ከመቶ ታማሚ አንድ እንኳ አይሞትም። እንግዲህ ስሙን የሸሸገ ሹም የሸሸገው እነዚያን ሰዓታት ነው። ለምን ሲባል? ለቱሪስት? ለኤክስፖርት? ለገጽታ ግንባታ?

በ2019 በተነሳው ወረርሽኝ መንግሥት ኮሌራን በስሙ ጠርቶታል፤ ደግ አደረገ። ነገር ግን እውነት መናገር የሹም ችሮታ ከሆነ ነገ ሌላ ሹም መልሶ ይነጥቀዋል። የላቦራቶሪ ውጤት የሕዝብ ነው! በውጭ ያለን ወገኖች፣ በተለይ የጤና ባለሙያዎች፣ ሥልጣን ላይ ማንም ይቀመጥ ማን ውጤቱን ከመጠየቅ አንቦዝን።

ቸር ይግጠመን።