ጫካ በጆሮ ሲመዘን

መዳፎችዎን ጎድጎድ አድርገው ይግጠሙ፤ በአውራ ጣቶችዎ መካከል ጠባብ ቀዳዳ ይተዉ፤ ከዚያ ከንፈርዎን አስጠግተው እፍ ይበሉ። መጀመሪያ የሚወጣው ባዶ ትንፋሽ ነው። ሲለመድ ግን ክብ፣ ሙሉ ፉጨት ይሆናል፤ ጣት ሲከፈትና ሲዘጋም ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ ያሉ ቤንቾች፣ በተለይ ወንዶቹ፣ በዚህ መንገድ ወይም በከንፈር ብቻ ከሩቅ ይነጋገራሉ። ፉጨቱ «ና» ወይም «ተጠንቀቅ» የሚል ምልክት ብቻ አይደለም፤ ንግግሩን ራሱን ያፏጩታል።

ይህን የሚያስችለው የቋንቋው ጠባይ ነው። በቤንችኛ ቃሉ በምን የድምፅ ከፍታ እንደተነገረ ፍቺውን ይለውጠዋል። የቋንቋ ተመራማሪው ክላውስ ዌዴኪንድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት ስድስት ቃናዎችን ቆጥሯል፤ አምስቱ በየደረጃቸው የረጉ፣ አንዱ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ። ይህን ያህል ደረጃ ያላቸው የዓለም ቋንቋዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የጎረቤቱ የሸኮ ቋንቋም አራት ደረጃዎች አሉት። ስለዚህ ተነባቢው ቢጠፋ እንኳ ዜማው ብቻውን ብዙ ይናገራል። ቤንቾች ይህንኑ ንግግር በባለ አምስት አውታር ክራር ጭምር ያስተላልፉታል። እኛ «ክራሩን አናገረው» ስንል ደርዳሪውን ማድነቃችን ነው፤ እዚያ ግን አባባሉ እንዳለ እውነት ነው።

የጫካውም እጅ አለበት። በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ ቅጠል ይበትነዋል፤ ወፍራሙን ለስላሳው መሬት ይውጠዋል፤ የተረፈው ከግንድ ግንድ እየተላተመ ስለሚደራረብ ቃሉ ይደበዝዛል። ፉጨት ግን ጉልበቱን በአንድ ጠባብ መስመር ላይ ስለሚሰበስብ በቀጭኑና በወፍራሙ መካከል ባለው ክፍተት ሾልኮ ያልፋል።

የድምፅ ኢንስታሌሽን የሚባለው ዘመናዊ ጥበብ የሚኮራበት ነገር ይኸው ነው፤ ቦታን ማዳመጥና ሥራን በቦታው ድምፅ ልክ መስፋት። ክርክሬ ግን «እኛም ነበረን» የሚል አይደለም። የቤንችንና የሸኮን አካባቢ ደን ደኅንነት የምንመዝነው በዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ በቡና አገር በቀላሉ ይታለላል። እዚህ የድምፅ ጥበብ ቢተከል ጆሮን ለምስክርነት የሚያቆም እንጂ ግቢ የሚያስጌጥ መሆን የለበትም።

አሜሪካዊው የድምፅ ቀራጺ በርኒ ክራውስ እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ፣ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች፣ ሊንከን ሜዶው በተባለ ቦታ የንጋቱን ድምፅ ቀዳ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ዛፍ «ተመርጦ ብቻ» ተቆረጠ። በዓመቱ ተመልሶ ሲቀዳ ለዓይን የተለወጠ ነገር የለም፤ ድምፁ ግን ተራቁቷል። እነዚህን የመሳሰሉ ቅጂዎቹ እ.ኤ.አ. በ2016 በፓሪሱ ካርቲየር ፋውንዴሽን «ታላቁ የእንስሳት ኦርኬስትራ» በሚል ትዕይንት ቀርበዋል፤ የየፍጡሩ ድምፅም ግድግዳው ላይ በብርሃን ተሥሎ ታይቷል።

ክራውስ በጤነኛ ደን ውስጥ እያንዳንዱ ፍጡር የራሱ የድምፅ ከፍታና የራሱ ተራ አለው ይላል። ለእኛ ይህን ለማስረዳት እንቢልታ ይበቃል። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ በተራው ይገባል፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ሲገኙ ነው። አንዱ ከቀረ በቦታው ቀዳዳ ይቀራል።

በደቡብ ምዕራቡ ደን ነፊዎቹ ብዙ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ጉሬዛ ከዛፍ ጫፍ ሆኖ ያጓራል፤ የማዶው መንጋ ይመልስለታል። ባለ ግዙፍ መንቁሩ ወፍ ሲያልፍ የክንፉ ሽውታ ከሩቅ ይሰማል። ቀፎ በተሰቀለበት ዛፍ ሥር ንቡ ይተማል።

የቡናው ገበሬ ደግሞ ምርቱ እንዲጨምር ሥር ሥሩን ይመነጥራል፤ ጥላውንም ያሳሳል። ትልልቆቹ ዛፎች ስለሚቀሩ ከመንገድ ለሚያይ ቦታው አሁንም ደን ነው። ነገር ግን የነገው ዛፍ ችግኝ ከቁጥቋጦው ጋር አብሮ ተቆርጧል።

እዚህ ላይ ጆሮም ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የጥላ ቡና ላይ የታተመ የአእዋፍ ጥናት በቡናው ውስጥ ከተፈጥሮ ደኑ የበለጠ ዓይነት ወፍ አግኝቷል። ከቁጥቋጦ ሥር ነፍሳት የሚለቅሙት ግን ይበልጥ የተገኙት በደኑ ነው። ስለዚህ የጩኸቱ ብዛት ብቻውን አያስተማምንም፤ የማን ድምፅ ጎደለ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የቤንች ፉጨት የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ መልእክቱ የተቀመጠው በድምፁ ደረጃ ላይ እንጂ በጉልበቱ ላይ አይደለም።

«መንገድና ክሊኒክ በሚያስፈልገው አገር የድምፅ ጥበብ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። የእኔ ሐሳብ ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ በተመዘገበው የሸካ ደን ውስጥ አንድ፣ በተመነጠረ ቡና ውስጥ ሌላ መቅጃ ይቀመጥ፤ በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ንጋት ይቀዳ። ከዚያም ሁለቱ ድምፆች በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ከተሞች፣ ሕዝብ በሚሰበሰብበት አደባባይ፣ ጎን ለጎን ይሰሙ። ገበሬውን ለመክሰስ አይደለም፤ የጫካ ቡና ዋጋው ጫካው ስለሆነ፣ ጫካው እንዳለ ማረጋገጥ ለእሱም ይበጀዋል።

ፈራጆቹ ደግሞ ቀፎ ሰቃዮቹና በፉጨት ሲጠራሩ ያደጉት ሽማግሌዎች ይሁኑ። ለቀሪዎቻችን ሁለቱም ቅጂ «የወፍ ድምፅ» ነው። ጉድለቱን መስማት የሚችለው የጎደለውን በስሙ የሚያውቅ ጆሮ ነውና፣ ቀረጻው ያ ጆሮ ሳለ ይጀመር።