ደመወዝ የሚሞላው የአንኮበር ገብስ

የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ገና ሳይነጋ በነጠላና በፎጣ የተጠቀለሉ ወጣት ሴቶች ተከታትለው ወደ ሥራ ሲሄዱ ታያላችሁ። ባጃጅ ቆሞ ቢጠራቸውም አብዛኞቹ በእግራቸው ያልፉታል። የባጃጁ ሂሳብ የምሳቸው ሂሳብ ነው።

ከእነሱ አንዷን አውቃታለሁ። የአንኮበር ገጠር ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። ደመወዟ 3,000 ብር ነው። ወሩ ሲጋመስ ግን ከቤት ፌስታል ይመጣል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴም ሽሮ። አባቷ ገበያ ለሚወጣ ሰው አደራ ብለው ይልኩላታል።

እስኪ ነገሩን አስቡት። ልጅ ከተማ ገብታ ሥራ ስትይዝ ለቤተሰቧ መላክ ነበር ወጉ። እዚህ ግን ጥማድ መሬት የሚያርሱ አባት ፋብሪካው ያጎደለውን ደመወዝ በገብስ እየሞሉ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ እስከ 2,000 ብር ያለው ደመወዝ ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ባለው 1,000 ብር ላይ 15 በመቶ ይቆረጣል። 150 ብር ለግብር፣ 7 በመቶ ማለትም 210 ብር ለጡረታ ሄዶ እጇ የሚገባው 2,640 ብር ነው። ኪራዩም፣ ዘይቱም፣ ሳሙናውም ከዚሁ ነው።

ልብ በሉ፤ ከደመወዟ የሚቆረጠውን እስከ ሳንቲም የሚናገር ሕግ አለ። ቢያንስ ስንት ሊከፈላት እንደሚገባ የሚናገር ግን የለም። መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 6,000 ብር አድርጓል፤ ደግ አደረገ። ለግል ተቀጣሪውስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን እያጠና የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር፣ ዝርዝሩም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ጽፏል። ከተጻፈ ስድስት ዓመት አለፈው። የግሉ ዘርፍ ዛሬም ወለል የለውም።

«ደመወዝ ከተወሰነ ባለሀብቱ ይሸሻል» የሚሉ አሉ። ስጋቱን አልንቀውም፤ ፋብሪካ ሲዘጋ ቀድማ የምትወድቀው ይህችው ልጅ ናት። ግን ሠራተኛው ሥራውን በለመደ ማግስት ጥሎት የሚሄድ ፋብሪካስ ምን አተረፈ? በየጊዜው አዲስ ሰው ማሠልጠንና የሚበላሸው ልብስ ወጪ አይደለም? ወለሉ ለሁሉም እኩል ከሆነ ደግሞ ደህና የሚከፍለው አሠሪ በማይከፍለው አይበለጥም።

ከኋላዋ ገብስ ያላት እንኳ እድለኛ ናት። ከወለጋ ተፈናቅለው በከተማችን የተጠለሉ ወገኖቻችን ማሳቸው እዚያው ቀርቷል። በሶ የሚልክላቸው የለም። «ይህን ያህል እከፍላለሁ» ሲባሉ እሺ ከማለት ሌላ ምን አማራጭ አላቸው?

ስለዚህ ደንቡ ይውጣ፣ ቦርዱም ሥራ ይጀምር። ሠራተኞችም አሥር ሰው ካላችሁ የሠራተኛ ማኅበር መመሥረት ሕጉ የሰጣችሁ መብት መሆኑን እወቁ፤ ቦርዱ ሲቀመጥ ስለ እናንተ የሚናገር ያስፈልጋል።

የአንኮበሩ አባት ገብሳቸውን ይብሉት፣ ይሽጡት። የፋብሪካ ደመወዝ የመሙላት ዕዳ የለባቸውም።