በአንድ ገበታ ሁለት ሚዛን

በ2008 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ፣ ዝናቡ ከረፋድ ጀምሮ ሳያባራ በዋለበት አንድ ቀን፣ ከጃፓን አገር ለጥናት ከመጡ አንድ አዛውንት መምህር ጋር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወጥተን፣ የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት አልፈን፣ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገባን። ቤቲቱን የመረጧት እርሳቸው ነበሩ፤ በዋዜማው ብቻቸውን ገብተው የጾም በያይነቱ በልተው ስለ ነበር፣ የሽሮው መዓዛና የአስተናጋጁ ፈገግታ ደስ ብሏቸው እኔን ሊጋብዙኝ ፈቀዱ። በላን፤ ጠጣን፤ ሂሳብም መጣ። በእጅ የተጻፈችው ቁራጭ ወረቀት ለእያንዳንዳችን 45 ብር ትል ነበር። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቲቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቧት፤ ከዚያም ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው፣ የትናንቱን ወጪ በእርሳስ ከጻፉበት ገጽ ላይ አንድ ቁጥር በጣታቸው አመለከቱኝ፤ 150 ብር። «ትናንት የበላሁት ሌላ ምግብ ኖሯልን?» ሲሉ በፍጹም ትሕትና ጠየቁኝ።

አስተናጋጁን ጠርቼ ነገሩን ብጠይቀው፣ ዕድሜው ከሃያ የማያልፍ ልጅ ነበርና፣ ሳይደነግጥም ሳይቆጣም፣ «ጋሼ፣ የትናንቱ እኮ የፈረንጅ ዋጋ ነው» አለኝ። «ያኛው የፍስክ ነው፣ ይህኛው የጾም ነው» ሲል በሚናገርበት ድምፅ ነበር የተናገረው። ልጁ ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ኅሊናው እንደሚወቅሰው ዐውቄ በተጽናናሁ ነበር፤ እርሱ ግን አንድ የታወቀ ነገር በታወቀ ስሙ መጥራቱ ነበርና፣ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ፈረንጅ የሚለው ቃል ከጥንቱ የፍራንኮች ስም ወጥቶ፣ በመስቀል ጦርነት ዘመን በምሥራቁ ዓለም ሁሉ ተሰራጭቶ ወደኛ የደረሰ ነው፤ ዛሬ ግን ከቶኪዮ የመጣውንም ከቶሮንቶ የመጣውንም አንድ አድርጎ የሚጠቀልል ሆኗል። «የፈረንጅ ዋጋ» ደግሞ ጎብኚ በሚበዛባቸው በአራዳና በፒያሳ ማንም ሳያፍር የሚናገረው የዕለት ቃል ነው። ብዙ ሰው ነገሩን ስስት ይለዋል፤ እኔ ግን ስስት ብቻውን ይህን ያህል ሥር ሊሰድ እንደማይችል አምናለሁ። ይህ በደል እንግድነትንና ደንበኝነትን ለይተን ባለማወቃችን፣ ዋጋንም ጽፈን ባለመስቀላችን የበቀለ ነው፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን፣ ሰውን በመልኩ መዝኖ ማስከፈል፣ በዚህችው በፒያሳ ምድር እኛ ራሳችን በመልካችን ተመዝነን የተገፋንበትን ሚዛን ከወደቀበት መልሶ ማንሣት መሆኑ ነው።

በቀደመው ዘመን እህል ውሃን በገንዘብ መሸጥ በጨዋ ቤት እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። የመሸበት መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ መሆኑን ተናግሮ ከደጅ ይቆማል፤ ባለቤቱም አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንዳደረገው እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ፣ የሚተኛበትን መደብ አንጥፎ ያሳድረዋል፤ በማግሥቱም ስንቅ ቋጥሮ ይሸኘዋል እንጂ ዋጋ አይጠይቀውም። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውንና በ1898 ዓ.ም. እንደ ተሠራ የሚነገርለትን ሆቴል በዚያው በአራዳ ባቋቋሙ ጊዜ፣ መኳንንቱ በልቶ መክፈልን አፍረው እግራቸውን ስለ ሰበሰቡ፣ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው እንደ በሉና እንደ ከፈሉ፣ መኳንንቱንም እንዲሁ እንዳስለመዱ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ትረካ አለ። ትረካው ለሳቅ ይነገራል፤ እኔ ግን ትልቅ የሕሊና ለውጥ ታይቶበታል እላለሁ። በዚያ ገበታ ላይ የተቀመጠው ሰው እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ደንበኛ ሆነ፤ ምስጋና ማብዛት፣ ውለታ መቍጠር፣ የባለቤቱን ፊት ማየት ሳያስፈልገው፣ የታወቀውን ዋጋ ከፍሎ ቀና ብሎ የሚወጣ ሆነ። የገንዘብ ክብር ይህ ነው፤ ንጉሥም ቢከፍለው፣ ሎሌም ቢከፍለው ብሩ ያው ብር ነው።

እኛ ግን ሁለቱን ሥርዓት አደባልቀን ያዝናቸው። መጻተኛውን ስንቀበለው በአብርሃም ቋንቋ እንቀበለዋለን፤ «ቤት ለእንግዳ» እንለዋለን፤ ወንበር እናቀርብለታለን፤ ቡናው ሲፈላ ጢሱን ወደ እርሱ እናዞርለታለን፤ እንዲያውም በእጃችን እናጎርሰዋለን። እርሱም በዚህ ፍቅር ልቡ ተነክቶ ስለ ዋጋ መጠየቅን እንደ ብልግና ይቈጥረዋል፤ ከዚያ በኋላ ሂሳቡን የሚጽፈው እጅ የነጋዴ እጅ ነው፤ እርሱንም ቢሆን የሚጽፈው በነጋዴ ሕግ አይደለም። እንግዳ ከሆነ አናስከፍለው፤ ደንበኛ ከሆነ ደግሞ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው የከፈለውን ይክፈል። በእንግዳ ስም አስገብቶ በማያውቁት ዋጋ ማስወጣት ሁለቱንም ሥርዓት ማፍረስ ነው።

«እርሱ ሀብታም ነው፤ ለእርሱ ምኑ ነው?» የሚለው መልስ ከሁሉ ይልቅ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ቸል ሊባል አይገባውም። ለባለጸጋው ብዙ፣ ለድኻው ጥቂት ማስከፈል በራሱ ግፍ ነው አልልም። ለብዙ ዓመታት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሊያይ የመጣ የውጭ አገር ሰው 50 የአሜሪካ ዶላር ሲከፍል፣ ኢትዮጵያዊው ለጸሎት በነጻ ሲገባ ኖሯል፤ ይህም ርቱዕ ነው፤ የሚከፈለው ከመግቢያው ላይ ተነግሮ፣ ደረሰኝ ተቈርጦለት ነውና፣ ያልፈለገ መመለስ ይችላል። በድብቅ የሚጨመረው ዋጋ ግን ግብር እንዳይባል የሚሰበስበው መንግሥት አይደለም፤ ምጽዋት እንዳይባል ሰጪው ወድዶ አልሰጠውም፤ ስለዚህ ሊጠራበት የሚችለው አንድ ስም ብቻ ይቀራል፤ ያንንም ስም ሁላችንም እናውቀዋለን። ኦሪት በአንድ ከረጢት ሁለት ዓይነት የሚዛን ድንጋይ መያዝን የከለከለችው፣ ለአገሩ ተወላጅና ለመጻተኛውም አንድ ሕግ እንዲሆን ያዘዘችው፣ የገዢውን ሀብት ሳትመረምር ነው።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አለመሆኑን የሚጠቅሱም አሉ፤ እውነት ነው። በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር በቬኒስ ከተማ፣ ከቅዱስ ማርቆስ አደባባይ አጠገብ፣ አራት የጃፓን ተማሪዎች ለጥብስ ሥጋና ለተጠበሰ ዓሣ ከ1100 ዩሮ በላይ ተጠይቀው ከፍለው፣ ወሬው ዓለምን ሁሉ ዞሯል። ነገር ግን ምሳሌውን የሚጠቅስልኝ ሰው ፍጻሜውን አብሮ ቢጠቅስልኝ እወዳለሁ፤ ፖሊስ ተልኮ ቤቱ ተመርምሯል፤ በብዙ ሺህ ዩሮም ተቀጥቷል። እኛ የአደባባይን ስም ከኢጣልያውያን ወርሰን ፒያሳ ብለናል፤ የአደባባዩን ጥፋት ለማመካኛ ስንጠቅስ የአደባባዩን ቅጣት መዝለላችን ደግ አይደለም።

ስለ ስሙ ካነሣሁ ዘንድ፣ ነገሩ ወደ ተወለደበት ሥፍራ ልመለስ። የአራዳ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ በተዘረጋበት ዘመን፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱና ዐረቡ ከአገሬው ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲነግድ፣ የውጭው ሰው ደካማ መጻተኛ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የውጭ ዜጋ ሲከሰስ ቆንስሉ በዳኝነቱ እንዲገባ ስላደረገ፣ አንዱ ገበያ ሁለት ዳኝነት ነበረው። ከዚያም ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ ተገፋ፤ ፒያሳ የነጭ ሰፈር ትሆን ዘንድ ታሰበች፤ አበሻ የማይቀመጥበት ወንበር፣ የማይገባበት ደጅ በሕግ ተለየ። ያንን ዘመን ያዩ አዛውንቶች ሲናገሩ እንደ ሰማሁት፣ ከረኃቡ ይልቅ የሚያንገበግበው፣ ደጁ ላይ የቆመው ሰው ፊትህን አይቶ ማን እንደ ሆንህ ሳይጠይቅ መወሰኑ ነበር።

የፈረንጅን ዋጋ እንደ ካሣ የሚቈጥር ስውር ስሜት ከዚህ ታሪክ ሳይቀዳ አልቀረም፤ ስሜቱንም እረዳዋለሁ። ይሁን እንጂ ከአምስት ዓመት ተጋድሎ በኋላ ያሸነፍነው ፈረንጅን ብቻ አልነበረም፤ ሰው በመልኩ ይመዘን የሚለውን ሕግ ነበር። ዛሬ በዚያው መንገድ ዳር አንድ ልጅ ከደጅ የሚገባውን ሰው ፊት አይቶ፣ ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ 45ቱን 150 ሲያደርገው፣ ሳያውቀው የጠላትን ትምህርት ይደግማል።

ልጁን ብቻ ብወቅስ ግን ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። የአስተናጋጅ ደመወዝ ከቤት ኪራይ የማያልፍ ነው፤ ኑሮው በጉርሻ ነው፤ ያው ቃል በእጅ የሚጎረሰውንም በሰሐን ላይ የሚተወውንም ገንዘብ ይጠራልና፣ ፍቅሩና ክፍያው በአንድ ስም ተቆራኝተዋል። ከአስተናጋጁ ጀርባ ደግሞ ደላላው አለ። በፒያሳ ጎዳና ላይ ጎብኚውን ተማሪ ነኝ ብሎ ቀርቦ፣ ስለ ታሪክ አጫውቶ፣ ወደ «ባህላዊ ጭፈራ» ወይም ወደ «ቡና ሥርዓት» ወስዶ፣ ከጠጅና ከዘፈን በኋላ በሺህ የሚቈጠር ሂሳብ የሚያስቀርብ፣ ድርሻውንም ማታ ተመልሶ የሚቀበል አለ፤ ይህንንም የውጭ አገር የጎብኚ መጻሕፍት በከተማችን ስም አጠገብ ጽፈው ያስጠነቅቃሉ። ሕጋዊው ሂሳብ እንኳ የራሱ ጣጣ አለው፤ በምናሌው ላይ ያልተደመረው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና በትልልቁ ቤት የሚጨመረው 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ከግርጌ ሲወጡ፣ ያልተነገረው እንግዳ ተታለልሁ ይላል፤ በሌላው ቤት በእርግጥ ተታልሎ ስለ ነበር፣ ቅኑን ነጋዴ ከአታላዩ የሚለይበት ምልክት የለውም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ፣ በምናሌው ቁጥር ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ በወረቀቱም ላይ ሌላ ወረቀት ተደርቦ ይታያል፤ አንዳንዱ ቤትማ ምናሌውን ጨርሶ ትቶታል። ዋጋ ከወረቀት ወጥቶ በአስተናጋጁ አፍ ብቻ ሲኖር፣ በየገበታው ቢለዋወጥ አይደንቅም።

ነገሩም በፈረንጅ ላይ አይቆምም። በነሐሴና በመስከረም ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለዘመን መለወጫ የሚመለሰው ወገናችን፣ ጫማውና የአነጋገሩ ዜማ አሳብቆበት «የዲያስፖራ ዋጋ» ይጠየቃል። ከገጠር ለሕክምና የመጣው ገበሬም፣ ምናሌ ማንበብ አይችልም ተብሎ፣ ከአውቶቡስ ተራ አጠገብ ያው ይደርስበታል። ሁለተኛ ሚዛን አንድ ጊዜ ከከረጢት ከገባ ለማን እንደሚወጣ የሚወስነው የባለሚዛኑ ዓይን ብቻ ነው።

ሕጉ የለም እንዳይባል፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ማንኛውም ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያመለክት ያስገድዳል። በፒያሳ የወርቅ ቤቶች መስኮት ፊት የሚቆም ሰው የግራሙን ዋጋ ጠይቆ ከሚቀጥለው ቤት ጋር ያስተያያል፤ ሽሮ የሚበላው ሰው ይህን መብት የሚያጣበት ምክንያት አይታየኝም። እኔ የምጠይቀው ከበሩ ላይ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያነበው፣ ታክሱ ተደምሮ የተጻፈ አንድ ሰሌዳ ነው፤ ዋጋው በየሳምንቱ ቢለወጥ በጠመኔ ይጻፍ። አራዳ የሚለው የሰፈር ስም በከተማችን ልጆች አፍ የነቃና የሠለጠነ ሰው ስም ሆኗል፤ የማያውቀውን ሰው ማታለል ግን ንቃት አይጠይቅም፤ ሕፃንም ይችለዋል።

ያን ዕለት ድምፃችን ከፍ ሲል፣ የቤቲቱ ባለቤት እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከጓዳ ወጡ። ነገሩን ሰምተው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ልጁንም አልገሠጹትም። ከመቀነታቸው ብር ፈትተው፣ አንድ ጊዜ ቈጥረው፣ ደግመው ቈጥረው፣ 105 ብር ከመምህሩ ፊት አስቀመጡ። እኔ፣ ይሉኝታ ይዞኝ፣ ለልጁ እንዲተዉለት በዓይኔ ልጠቅሳቸው ከጀልሁ፤ መምህሩ ግን ገንዘቡን በሁለት እጃቸው አነሡ፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ለሴትዮዋ እጅ ነሡ፤ ከዚያም ደብተራቸውን ገልጠው 150ን በቀጭን መስመር ሰርዘው፣ ከጎኑ 45 ብለው ጻፉ።