የወደቡ ሙቀትና የአይጧ ኩላሊት

በሐምሌ ጅቡቲ ከተማ ቀን ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ትግላለች። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በወደቧ በኩል ነው። ጭነቱን የሚያነሳው ወዛደር፣ ፒኬ 12 በተባለው የጭነት መኪናዎች ማቆሚያ ወረፋ እየጠበቀ ከተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚጋደመው ሾፌርና ረዳቱ የሙቀቱን ዋጋ በላባቸው ይከፍላሉ። ስለ እነዚህ ሰዎች ኩላሊት ለማውራት ከቤተ ሙከራ አይጥ መነሳት ለብዙ አንባቢ ሩቅ መንገድ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ጠቃሚው ማስረጃ እዚያ ያለ ይመስለኛል። ሙቀት ውስጥ ውሃ ማዘግየት ኩላሊትን ያቆስላል፤ የጠፋው ደግሞ አይተካም። ይህ ከሆነ ውሃና ጥላ እንደ ጓንትና እንደ ራስ ቁር የሥራ መከላከያ ተደርገው መቆጠር አለባቸው።

ነገሩ የጀመረው ከሰው ነው። በ2002 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የኤልሳልቫዶር ሐኪሞች ስኳርም ግፊትም የሌለባቸው ገበሬዎች ኩላሊታቸው እየደከመ መምጣቱን ጻፉ። በኒካራጓ አገዳ ቆራጮችም ላይ ይኸው ታየ። ፀረ ተባይ ተጠረጠረ፣ ሄቪ ሜታል ተጠረጠረ፣ ሙቀትም ተጠረጠረ። ሰውን በውሃ ጥም አሰቃይቶ ማጣራት ስለማይቻል፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት አይጦችን በተደጋጋሚ ለሙቀት አጋለጡ። ገሚሶቹ ሙቀቱ ላይ እያሉ ውሃ ያገኙ ነበር፤ ገሚሶቹ የሚሰጣቸው ማታ ብቻ ነበር። ማታ የጠጡት ኩላሊታቸው ቆሰለ፣ ጠባሳም ያዘ። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ሦስተኛው ክፍል ነው፤ ፍሩክቶስ የተባለውን ስኳር የሚሰባብረው ኢንዛይም ከተፈጥሯቸው የተነሳባቸው አይጦች በዚያው ጥም ውስጥ አልፈው ከጉዳቱ ዳኑ። ሰውነት ሲደርቅ ኩላሊት ራሱ ከግሉኮስ ፍሩክቶስ ይሠራል፤ የዚያ ስኳር መሰባበር ደግሞ ቱቦዎቹን ይጎዳል። እንግዲህ ከውጭ ሲጨመርበት ምን ይሆናል? በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ውሃ የጠማቸውን አይጦች ለስላሳ መጠጥ በሚመስል ጣፋጭ ውሃ አረካቸው፤ ንጹህ ውሃ ካገኙት ይልቅ ኩላሊታቸው ተጎዳ። ከኮንቴይነር ሲወርድ ቀዝቃዛ ለስላሳ በአንድ ትንፋሽ የሚጨልጥ ሰው ሊሰማው የሚገባ ውጤት ነው።

«አይጥ ሰው አይደለችም» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳትን በአይጥ ላይ የፈወሱ ብዙ መድኃኒቶች ሰው ላይ ሲደርሱ ከሽፈዋል። ቢሆንም ከአይጥ መድኃኒት መጠበቅና አይጥን ስለ ጉዳት መንስኤ መጠየቅ ይለያያሉ፤ እዚህ አይጧ የተጠየቀችው ሰው ላይ አስቀድሞ የታየውን እንድታብራራ ነው። ተመራማሪዎችም ቀጥለው ወደ ሰው ተመልሰዋል። በ2019 የአሜሪካው የበፋሎ ዩኒቨርሲቲ 12 ጤነኛ ሰዎችን ሙቀት ውስጥ ለ4 ሰዓት አሠርቶ ለስላሳና ውሃ እያፈራረቀ አጠጣቸው፤ የኩላሊት ጉዳት ምልክቶች የጨመሩት ለስላሳ በጠጡበት ጊዜ ነው። በኒካራጓም ዕረፍት፣ ጥላና ውሃ የተጠናከረላቸው ቆራጮች ላይ ጉዳቱ ቀንሷል። ስኳርና ግፊት የኩላሊት ድካም ዋነኛ መንስኤዎች ናቸው መባሉም እውነት ነው። ግን ግፊት ያለበትም ሾፌር በዚያው ፀሐይ ነው የሚነዳው፤ አንዱ ጉዳት ሌላውን አይሽረውም።

ሌላው ማምለጫ «ሳይንስ ኩላሊትን እንደገና ያበቅላል» የሚለው ተስፋ ነው። ሰው በእያንዳንዱ ኩላሊቱ በአማካይ አንድ ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮን (ደም የሚያጣራ ጥቃቅን ክፍል) ይዞ ይወለዳል፤ አዲስ ኔፍሮን መሥራት ግን በእርግዝናው 36ኛ ሳምንት ገደማ ያበቃል። የተጎዳ ቱቦ ሴሎቹን ሊተካ ይችላል፣ የሞተ ኔፍሮን ግን ሞተ ነው። ዜብራፊሽ የተባለችው ትንሽ ዓሣ አድጋም አዲስ ታበቅላለች። ከአጥቢዎች መካከል ያስገረመችው እሾሃማዋ አይጥ ናት። በ2021 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የእሷንና የተራ አይጥን ኩላሊት በእኩል ጎዱ፤ የተራዋ ጠባሳ ይዞ ሲኮማተር የእሾሃማዋ ያለ ጠባሳ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዘመዶቿ በጅቡቲና በኢትዮጵያ ድንጋያማ በረሃ ይኖራሉ፤ በደጃችን የምትሮጠውን እንስሳ ምስጢር በአሜሪካዋ ሲያትል መፈታቱ ለአካባቢያችን ዩኒቨርሲቲዎች የቤት ሥራ ነው። ጥናቱ ይቀጥል። ዛሬ ኩላሊቱ የደከመበት ሾፌር ግን በእሾሃማ አይጥ አይታከምም፤ የሚጠብቀው በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን የኩላሊት እጥበት ነው፣ ወይም ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድ ፍለጋ። አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ በ2015 ተጀምሯል፤ ለጋሽ ዘመድ የሌለው ግን ይቸገራል።

እንስሳትን ማሰቃየት ነውር ነው የሚሉም አሉ፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልቃወማቸውም። ሊቀር የሚችል ሙከራ ሁሉ ይቅር። አስቀድሞ የተሠራውን ውጤት መደርደሪያ ላይ መተው ግን ለአይጧም ለሰውየውም ክብር አይደለም።

ጅቡቲ ከተማ ከ2017 ጀምሮ ከሐዳጋላ፣ ከኢትዮጵያ መሬት፣ በረጅም ቧንቧ ውሃ ይደርሳታል። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች ማድረስ የትራንስፖርት ማኅበራት፣ የአስመጪዎችና የጭነት ተቋራጮች ድርሻ ነው፦ በፈረቃው መሃል ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀትር ላይ ዕረፍትና ጥላ፣ በዓመት አንዴም የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የክሬያቲኒን ምርመራ። ከመጪው ሐምሌ በፊት ይጀምሩት።