ጅብ ከሄደ የጮኸው የቶኪዮ ዘበኛ

«ሌባ ሰረቀኝ» ማለት ቀላል ነው። ለመሆኑ ሌባው ከ2 ዓመት በላይ ሲመላለስ አንተ የት ነበርክ? ይህን ጥያቄ ዛሬም ማንሳት የግድ ሆኗል። የማውንት ጎክስ ጠበቆች (በደመወዝ የተቀጠሩትን ሳይሆን በነጻ የሚሟገቱለትን ማለቴ ነው) ሰውዬውን ምስኪን ተበዳይ ሊያደርጉት ላይ ታች እያሉ ነዋ!

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ማውንት ጎክስ የሚለው ስም መጀመሪያ የወጣው ለመጫወቻ ካርድ መለዋወጫ ነበር። አዎ፣ ለካርድ! ጄድ ማክኬሌብ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2010 የቢትኮይን መገበያያ አደረገው፤ በማርች 2011 ቶኪዮ ለሚኖር ማርክ ካርፔሌስ ለሚባል ፈረንሳዊ ሸጠው። በጁን ሰርጎ ገብ ገባና በ17 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረውን ቢትኮይን ለአፍታ 1 ሳንቲም አደረሰው።

እንዲህ ያለ ጥፊ የቀመሰ ሰው ምን ያደርጋል? በሩን ያጠብቃል፣ ካዝናውን ይቆጥራል። ማውንት ጎክስ ግን ወፈረ። በ2013 ከዓለም የቢትኮይን ግብይት 70 በመቶ ያህሉ በእጁ ያልፍ ነበር። ሰውዬው በበኩሉ በቢትኮይን የሚከፈልበት ካፌ ሊከፍት ሽር ጉድ ይል ነበር። የካዝና ቆጠራ የት አባቱ! የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በጁን 2023 በሁለት ሩሲያውያን ላይ ይፋ ያደረገው ክስ እንደሚለው፣ ከሴፕቴምበር 2011 ጀምሮ 647,000 ያህል ቢትኮይን ከዚያ ቤት ተቀድቷል።

ፌብሩዋሪ 2014 ላይ ክፍያ ቆመ። ጥፋተኛው ማነው ሲባል «የቢትኮይን ሶፍትዌር» ተባለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አንድ ደንበኛ ከለንደን ድረስ መጥቶ «ገንዘባችን የት ገባ?» የሚል ጽሑፍ ይዞ በብርድ ደጃፉ ላይ ቆመ። በወሩ መጨረሻ ኪሳራ ታወጀ። የጠፋው 850,000 ቢትኮይን ነው፤ 750,000ው የደንበኛ። በማርች ደግሞ 200,000ው «ከአሮጌ ቋት ውስጥ ተገኘ» ተባልን። ወገን፣ እኔ 50 ብር የት እንዳኖርኩ ከጠፋኝ እንቅልፍ አይወስደኝም!

የቶኪዮ ፍርድ ቤት በማርች 2019 ሰውዬውን ከእምነት ማጉደል ክስ ነጻ አውጥቶታል። በላ አላልንም፤ አንልምም። ነገር ግን ያው ፍርድ ቤት የሒሳብ መዝገብ አዛብተሃል ብሎ የ2 ዓመት ተኩል እስራት በገደብ ፈርዶበታል። በመዝገቡ ላይ እጁን የጫነ ሰው «መዝገቡ ውስጥ ያለውን አላውቅም ነበር» ሲል እንዴት ነው የምናምነው?

የነጻ ጠበቆቹ የመጨረሻ ካርታ ደግሞ ይህች ናት፦ «በጁላይ 2024 መክፈል ተጀመረ፤ የቢትኮይን ዋጋም ጣሪያ ነክቷል፤ እንዲያውም ተጠቀሙ።» ክፍያው ሲጀመር ባለአደራው እጅ የቀረው 142,000 ያህል ብቻ እንደነበር ግን አያነሷትም። የክፍያው ቀነ ገደብም ተደጋግሞ ተገፍቷል፤ በ2025 ደግሞ «እስከ ኦክቶበር 2026 ጠብቁ» ተባለ። በሬው ተሰርቆበት ከ10 ዓመት በኋላ አንድ ታፋ የተላከለት ሰው፣ ሥጋ ስለተወደደ «አተረፍክ» ይባላል?