የዲማ አቤቱታ የት ይደርሳል?

ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ ይባላል። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ሕክምና አልተማርንም፤ ነገር ግን ሁላችንም አንድ ቀን ሕመምተኞች ወይም አስታማሚዎች መሆናችን ስለማይቀር፥ በነርስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ እንዴት ይመረመራል ብለን ብንጠይቅ እንደ ድፍረት አይቆጠርብንም።

ሕግ የለም አንልም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 299 አቤቱታ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲኖር አድርጓል። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 የምግብንና የመድኃኒትን ቁጥጥር ለብቻው ሲያደራጅ፥ የባለሙያው ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴር ዞረ። ጥፋት የተገኘበት ባለሙያ ፈቃዱ ሊታገድ ወይም ሊሰረዝ ይችላል።

እንግዲህ ይህን ሕግ ይዘን ወደ ዲማ እንሂድ። ዲማ በጋምቤላ ክልል፥ በአኙዋ ዞን ያለ ወረዳ ነው። አኙዋው፥ ወርቅ ፍለጋ የመጣው እንግዳ፥ በኦኩጎ የሠፈረው ደቡብ ሱዳናዊ ስደተኛ ሁሉ ይታመምበታል። ልጇ የሞተባት እናት አማርኛ የማትጽፍ ብትሆን፥ ማመልከቻዋን ማን ይጽፍላታል? ጉዳዩ ወይ ሐሜት ሆኖ ይቀራል፥ ወይ ወደ ፖሊስ ይሮጣል። ፖሊስ ግን የሚጠይቀው ወንጀል መሠራቱን እንጂ የሙያውን ብቃት አይደለም።

ነርሷንም እናስብ። በዚያች ሌሊት ብቻዋን አድራ፥ ጓንት አልቆባት፥ መብራት ጠፍቶባት ቢሆንስ? ወረቀት ብቻ አይቶ ከሩቅ የሚፈርድ መርማሪ የመጋዘኑን ጥፋት በእርሷ ላይ ይጽፍባታል።

በእንግሊዝ አገር የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት የምርመራውን ውጤት ለሁለት ሰዎች ያሳያል፤ አንዱ የሙያው ሰው፥ ሌላው ከሙያው ውጭ ነው። በችሎት የተወሰነ ቅጣትም ከነምክንያቱ ለሕዝብ ይገለጻል። እርሱም ቢሆን በመዘግየቱ ይወቀሳል፤ ስለዚህ እንዳለ እንቅዳው አንልም።

የምንለው ይህ ነው። አቤቱታ በቃልም፥ በተበዳዩ ቋንቋ፥ እዚያው ወረዳው ላይ ይመዝገብ። መርማሪው ጤና ጣቢያው ድረስ ሄዶ ነርሷ ያደረገችውን ብቻ ሳይሆን በእጇ የነበረውንም ይጠይቅ። ውሳኔውም ሳይውል ሳያድር ለሁለቱም ወገን ከነምክንያቱ ይነገር።

አቤቱታ ጠላትነት አይደለም። በአግባቡ ከተመረመረ እናቲቱን ያጽናናል፥ ንጹሕዋን ነርስ ነጻ ያወጣል፥ ባዶውንም መጋዘን ያጋልጣል። የሕግና የሕክምና ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንስ ምን ትላላችሁ? መልሳችሁን በሚቀጥለው እትም እንጠብቃለን።